የሰው ምሳ መጾም

ሰው ሲጾም ምሳው ወዴት እንደሚሄድ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ስለ ነፍሱ አይደለም የምጠይቃችሁ። ስለ ነፍስ ሁላችሁም አፋችሁን ሞልታችሁ ትመልሳላችሁ። የምጠይቀው ስለ ሳህኑ ነው። ያልተበላው ዳቦ፣ ያልተጨለፈው ሾርባ፣ ሰውየው ቁጭ ብሎ ትንፋሹን ሊሰበስብበት የነበረው ያ ሰዓት የማን ሆነ? ለተራበ ሰው ከደረሰ ጾም ነው። ለጸሎት ከዋለም ጾም ነው። የሌላ ሰው ጥቅም ከሆነ ግን ሌላ ስም አለው። ያንን ስም በጉባኤያችን ውስጥ ጮክ ብሎ የሚጠራ ስላጣሁ ነው ይህን የምጽፈው።

እኔ በጉባኤያችን መጽሐፍ አስተምራለሁ። ኮሌጅ ገብቼ ቋንቋውንም ታሪኩንም ተምሬያለሁ። ለጠብ የተፈጠረች ናት ይሉኛል፤ ሰው ሲዋሽ ዝም ማለት ስለማልችል ነው እንጂ ጠብ ወድጄ አይደለም። ለማንኛውም፣ ያስተማረኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። ጋሼ እለዋለሁ። የትልቁ ልብስ እጥበት ቤት ባለቤት ነው፤ የሆስፒታልና የሆቴል አንሶላ በጋሪ እየገባ፣ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ታጥፎ የሚወጣበት ቤት። የጉባኤው ሽማግሌዎች ሰብሳቢም እሱ ነው። ከሠራተኞቹ አብዛኞቹ የእኛው ምእመናን ናቸው፤ ሰኞ ጠዋት ቀጣሪያቸው፣ እሑድ ጠዋት እረኛቸው ሆኖ ይቆምላቸዋል። ይህ ነገር አደገኛ መሆኑን ማወቅ ነበረብን። ግን ደግ ሰው ነው ብለን አለፍነው። እኔም ደግ ሰው ነው እል ነበር።

ከጾሙ ሳምንታት በፊት ብርቱካን ይዞ ቤቴ መጣ።

«እታለም፣ ስለ ጾም አስተምሪን» አለኝ። «ሕዝቡ ጾምን ሆድ ማስራብ ብቻ አድርጎታል። ትርጉሙን የሚነግረው ይፈልጋል።»

ደስ አለኝ። እኔን ለክርክር እንጂ ለማስተማር የሚጠራኝ ብዙ ሰው የለም። ቁጭ ብዬ ተዘጋጀሁ። በተከታታይ ምሽቶች አዳራሹ ሞልቶ አስተማርኩ። ጾም ለእግዚአብሔር ውለታ መዋል አይደለም አልኩ፤ ሰው ባዶ እጁን ይዞ በፊቱ መቆም ነው። በፈቃድ ካልሆነ ረኀብ እንጂ ጾም አይባልም። ከአፍህ የቀነስከው ወደ ሌላ ሰው አፍ ካልደረሰ ገና አልጀመርክም። ነቢዩ በጾማቸው ቀን ሠራተኞቻቸውን የሚያስጨንቁ ሰዎችን እንዴት እንደገሠጸም ተናገርኩ። የሚያጠቡ እናቶች፣ ነፍሰ ጡሮች፣ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ቢበሉ እንደማይቆጠርባቸው፣ እንዲያውም መብላታቸው የሌላ ሰው ሕይወት መጠበቅ እንደሆነ አስረግጬ ነገርኩ። ጋሼ ከፊት ተቀምጦ በየአንቀጹ ራሱን ይነቀንቅ ነበር። ስጨርስ ግንባሬን ሳመኝ።

ጾሙ ሊያልቅ ሲቃረብ የሽማግሌዎቹ ክፍል ተጠራሁ። የምንጾመው በየሳምንቱ በተወሰኑ ቀኖች ስለሆነ ያ ቀን የጾም ቀን አልነበረም፤ ሻይ ተቀድቷል፣ ብስኩት ቀርቧል። ጋሼ ከጠረጴዛው ራስ፣ የመድኃኒት ቤት ባለቤት የሆኑት ሽማግሌ ከጎኑ ተቀምጠዋል።

«አንዲት እኅት ጾም ሽራለች» አለ ጋሼ።

«ማን ናት?»

«የእኔው ሠራተኛ። ተኳሿ።»

አወቅኳት። ከትልቁ የመተኮሻ ሮለር ፊት ቆማ እርጥብ አንሶላ የምታስገባው ቀጭኗ ሴት ናት። በቅርብ ወልዳለች፤ ልጇን እኔው ነኝ ለጸሎት ያቀረብኩላት።

«ምን በላች?»

«ዳቦ።»

«ዳቦው አንቋት ነው የተሰበሰባችሁት?»

የመድኃኒት ቤቱ ሽማግሌ ብስኩታቸውን ሻይ ውስጥ ነክረው እንደያዙ ቀሩ። «እኅቴ፣ ይሄ ቀልድ አይደለም። ተጠይቃ ዋሽታለች። ከማድረቂያዎቹ ጀርባ ተደብቃ ስትበላ ተቆጣጣሪዋ በዓይኗ አይታታለች፣ እሷ ግን አልበላሁም አለች።» ብስኩቱ ለሁለት ተቆርጦ ሻዩ ውስጥ ገባ። በማንኪያ ሊያወጡት ሲታገሉ ጋሼ ቀጠለ።

«እሑድ በጉባኤው ፊት ትገሠጻለች። ከጌታ እራት ለጊዜው ትከለከላለች። ቃሉን የምትናገሪው አንቺ ነሽ። ያስተማርሽው አንቺ ስለሆንሽ ሕዝቡ ይሰማሻል።»

«ከሥራስ?»

ጋሼ ሲኒውን አስቀመጠ። «እግዚአብሔርን የዋሸች ሴት እኔን አትዋሸኝም ብዬ እንዴት ልመናት?»

ስለዚህ ነገሩ ይህ ነበር። አንዲት አራስ ከማዕድም ከእንጀራዋም ልትቆረጥ ነው፤ መጋዙን የምይዘው ደግሞ እኔ ነኝ። ሳልሰማት አልናገርም አልኩ። ጋሼ ትከሻውን ሰበቀ። «ስሚያት። ምን አዲስ ነገር ትነግርሻለች?»

በማግስቱ የጾም ቀን ነበር። በምሳ ሰዓት እጥበት ቤቱ ሄድኩ። ያንን ቤት ከማንም በላይ አውቀዋለሁ፤ ልጅ ሆኜ የቤት ሥራዬን የሠራሁት ከቦይለሩ ክፍል አጠገብ፣ በተገለበጠ የሳሙና በርሜል ላይ ነው። ስለዚህ ገና የግቢውን በር ሳልፍ ቆምኩ። ቦይለሩ ያጉራራል።

ይህን ላልሰማ ሰው ላስረዳ። በእጥበት ቤት ሁሉም ነገር ቦይለሩ በሚያፈላው እንፋሎት ነው የሚንቀሳቀሰው። የቤቱ ሕግ ደግሞ አንድ ነው፤ የሚነድ ቦይለር ያለ ጠባቂ አይተውም። ጠባቂው ምሳ ሲበላ እሳቱ ይጠፋል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ ሮለሮቹ ይቀዘቅዛሉ። ከምሳ በኋላ እንደገና ተለኩሶ ብረቱ እስኪግል ሠራተኛው ቆሞ ይጠብቃል። ጋሼ ይህን መጠበቅ እንደ ጥርስ ሕመም ነበር የሚያየው። ዓመታት ሙሉ ከምሳ በኋላ የእጅ ሰዓቱን እያየ ሲንጎራደድ አይቼዋለሁ። የምሳ ሰዓት ማለት በዚያ ቤት ውስጥ ፀጥታ ማለት ነው። ያን ቀን ግን ፀጥታ የለም።

የመመገቢያው ክፍል በር ክፍት ነው። ውስጡ ሰው አይደለም ያለው፤ አንሶላ የጫኑ ጋሪዎች እስከ ግድግዳው ተደርድረዋል። ወንበሮቹ ተገልብጠው ጠረጴዛ ላይ ተሰቅለዋል። ወጥ ቤቱ ተቆልፏል።

የቦይለሩ ጠባቂ ፊቱን በፎጣ እየጠረገ ወጣ። ሁልጊዜ ከእንፋሎት ውስጥ ብቅ ስለሚል ጉም ይሉታል።

«መምህርት፣ እንኳን በደህና መጣሽ» አለኝ። «ምሳችንን የበላሽው አንቺ ነሽ አሉ።»

«እኔ?»

«ጋሼ ሲነግሩን ‹መምህርቷ እንዳስተማረችን› ብለው ነው የጀመሩት። ምሳ የለም፣ ማቋረጥ የለም፣ ጾም ላይ ነን፣ እሳቱ አይጥፋ። እኔማ ምን ብበድላት ነው ስል ነበር።»

«ወጥ ቤቷስ?»

«ለጾሙ ሳምንታት እረፍት ተሰጣት። ከሁላችንም የተባረከች እሷ ናት።»

ከሮለሩ አጠገብ ያሉት ሴቶች አንሶላ ማስገባታቸውን ሳያቆሙ ሳቁ።

«ጸሎትስ?» አልኩ። «የምሳው ሰዓት ለጸሎት እንዲሆን ነበር ያስተማርኩት።»

«እንጸልያለን እንጂ» አለች አንዷ። «ቆመን፣ አንሶላ እያስገባን። ጋሼ ከላይ በድምፅ ማጉያ ያነባሉ። ሮለሩ ስለሚጮኽ ምን እንዳሉ አንሰማም። አፋቸው ሲዘጋ አይተን አሜን እንላለን።»

«አንዳንዴ ሲያዛጉም አሜን ብለናል» አለች ጓደኛዋ።

«የሚያጠቡ፣ ነፍሰ ጡሮች፣ ሕመምተኞች እንደማይገደዱ ነግሯችኋል?»

ጉም ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣለ። «ቢነግሩንማ እኔም አጠባ ነበር።»

እኔ ብቻ አልሳቅኩም።

ተኳሿን ወደ ማድረቂያዎቹ ጀርባ ይዤያት ሄድኩ፤ በላች የተባለበት ቦታ። ቀና ብላ አታየኝም። የተፈጠረውን ስጠይቃት በጣቶቿ ጫፍ የመጎናጸፊያዋን ጠርዝ እያሸች ነገረችኝ። የዚያን ቀን ጠዋት ሁሉ በቅርቡ ደንበኛ ከሆኑት አዲስ ሆቴሎች የመጣ ትልልቅ አንሶላ ሲገባ ነበር። ዓይኗ ጨለመ። አንሶላው ወደ ሮለሩ ሲሳብ ይዛው ስለነበር እጇ አብሮ ሄደ። ጓደኛዋ ቀዩን ማቆሚያ በጉልበቷ ባትመታው ኖሮ ጣቶቿ ይገቡ ነበር። የግራ እጇን አሳየችኝ። ከጣቶቿ ጀርባ ቆዳው ቀልቷል፣ አብጧልም።

«ከዚያ ቦርሳዬ ውስጥ ቁራሽ ነበረች» አለች። «ለማታ ያስቀመጥኳት። ሳላስበው አፌ ውስጥ አገኘኋት።»

«ለምን አልበላሁም አልሽ?»

«ተቆጣጣሪዋ ‹በልተሻል?› ስትለኝ አፌ ሙሉ ነበር፣ መምህርት። አፌ ሙሉ ሆኖ አልበላሁም አልኩ። ውሸታም እንኳ መሆን አልቻልኩበትም።»

ፈገግ ልትል ሞከረች፣ አልሆነላትም።

«መጾም እፈልግ ነበር» አለች። «አንቺ ስታስተምሪ አልቅሻለሁ። መጀመሪያ ላይ ደስ ብሎኝ ነው የጾምኩት። በኋላ ወተቴ ጎደለ። ልጄ ጡቴን ይዞ ይጎትታል፣ ይተዋል፣ ያለቅሳል። ፈተና ነው፣ ያልፋል ብዬ ቻልኩት። እንግዲህ ከጌታ እራት ሊከለክሉኝ ነው አይደል?»

ስለ ሥራዋ ሳይሆን ስለዚያ ነበር የጠየቀችኝ። ማንም እንደማይከለክላት፣ ጾም ከመጀመሪያውም እሷን እንደማያስገድዳት፣ ይህን ራሴ እንዳስተማርኩ ነገርኳት።

«አስተምረሽ ነበር?» አለች። «እኛ ሁላችን በዚያ ምሽት ፈረቃ ላይ ነበርን። ጋሼ ያመለጣችሁን እነግራችኋለሁ ብለውን ነበር።»

ማዘዣ ጣቢያው እንደሆነ ሁሉ ጋሼ ቢሮውን ከላይ አድርጎ በመስታወት አጥሮታል፤ ከዚያ ሆኖ ሁሉንም ያያል። ደረጃውን ስወጣ አይቶኛል። ከንፈሩ ደርቋል፣ ጉንጩ ገብቷል። እየጾመ ነበር። ይህን ልክድበት አልችልም፤ ከሁላችንም ይልቅ አጥብቆ ጾሟል። የሚያናድደኝም ይኸው ነው። አጭበርባሪ ቢሆን ኖሮ እንዴት ቀላል ነበር።

«ቦይለሩ ለምን አልጠፋም?» አልኩት።

«ሥራ ስላለ።»

«የምሳ ሰዓት ነው።»

«የሚበላ የለማ።»

«እንዲበሉበት የፈቀድከው ቦታ የታል? ክፍሉን በጋሪ ሞልተኸዋል።»

«ማንንም አላስገደድኩም፣ እታለም። ጠይቂያቸው። አንድ ሰው ምሳ እፈልጋለሁ ብሎ ደረጃዬን ወጥቶ ያውቃል?»

«ደረጃህን ወጥቶ እግዚአብሔርን አልፈልግም የሚል ሠራተኛ ትጠብቃለህ?»

ወደ ታች አየ። ከመስታወቱ በታች ሴቶቹ አንሶላ ያስገባሉ፣ ሌሎቹ ከወዲያ በኩል ተቀብለው ያጥፋሉ።

«ብርቱካን ይዘህ ቤቴ ስትመጣ» አልኩ፣ «የአዲሶቹን ሆቴሎች ሥራ ተቀብለህ ነበር?»

መልሱን ከዓይኑ ቀድሜ አየሁት። ቢዋሸኝ እመርጥ ነበር።

«ሁለቱ አብረው መጡ» አለኝ በእርጋታ። «ባለን የሥራ ሰዓት እንዴት እወጣዋለሁ ብዬ ስጨነቅ ጾሙ ደረሰ። እግዚአብሔር ሲሠራ እንደዚህ ነው።»

«እግዚአብሔርን የፈረቃ ኃላፊ አደረግከው።»

«ምላስሽን ያዢ። ጾምን ማን አስተማረሽ? ኮሌጁ ነው? እኔ ነኝ ያስተማርኩሽ።»

እውነቱን ነው። አባታችን ከሞተ በኋላ በቤታችን ውስጥ ለአንድ ሰው እንጂ ለሁለት የማይበቃ ምግብ የሚኖርባቸው ቀኖች ነበሩ። ያኔ እሱ እጥበት ቤት ተቀጥሮ ጋሪ ይገፋ ነበር። ማታ ይገባል፣ ሳህኑን ወደ እኔ ይገፋና «እኔ ጾም ነኝ፣ አንቺ ብዪ» ይላል። ልጅ ስለነበርኩ አምነው ነበር። ወንድሜ እንዴት ያለ መንፈሳዊ ሰው ነው እል ነበር። ነገሩ የገባኝ አድጌ ነው። ከዚያ በኋላ ስለ ጾም ባነበብኩ ቁጥር የሚታየኝ የነቢያትና የመነኮሳት ፊት አይደለም፤ ያ ወደ እኔ የሚገፋ እጅ ነው። በአዳራሹ ያስተማርኩትን ሁሉ ከዚያ እጅ ነው የቀዳሁት። አሁን ያው እጅ የሌላ ሰው ሳህን ወደ ራሱ እየሳበ ነው፤ በራሴ ትምህርት ሸፍኖ።

«ያኔ የጾምከው የራስህን ምሳ ነበር» አልኩት።

ፊቱን አዞረ። ዓይኑ እንባ ያቀረረ መሰለኝ። አሁን ሳስበው ከመስታወቱ የመጣ ብርሃን ይሆናል።

«ምን ላድርግ ነው የምትዪው?»

«ከነገ ጀምሮ እሳቱ በምሳ ሰዓት ይጥፋ። ክፍሉን ክፈትላቸው፤ የሚጾም ይጹም፣ የሚበላ ይብላ። በተኳሿ ላይ ያቀረብከውን ክስ አንሳ። ይህን ካደረግክ እኔ ለማንም አልናገርም። በእኔና በአንተ መካከል ይቀራል።»

«የቤተሰብ ገመና ነው» አለ።

«ገመና ሆኖ እንዲቀር ዕድሉን እየሰጠሁህ ነው።»

ከወንበሩ ተነሣ። ከዚያ ግንባሬን ሳመኝ። «እሺ። አስብበታለሁ። ለእሷም አታስቢ፣ እኔ አስተካክለዋለሁ።»

አመንኩት። ሰው ሁሉ ተጠራጣሪ የሚለኝ እኔ፣ የመጽሐፍ ነጠላ ሰረዝ የማልምር እኔ፣ በአንድ ስሞሽ አመንኩ። ወደ ተኳሿም ወርጄ ነገሩ አልቋል፣ እሑድ ተረጋግተሽ ነይ አልኳት።

እሑድ መጣች። ነጭ ልብስ ለብሳ፣ ልጇን አቅፋ፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠች። ስታየኝ ራሷን ዝቅ አድርጋ ሰላም አለችኝ። መዝሙሩ አለቀ። ጠረጴዛው ላይ የጌታ እራት በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ተዘጋጅቷል። ጋሼ ወደ ማይክሮፎኑ ወጣ።

«ወደ ጌታ ማዕድ ከመቅረባችን በፊት የምናነጻው ነገር አለ» አለ። «በመካከላችን ጾሙን ሽራ ስለ እሱም የዋሸች እኅት አለች። በፍቅር ነው የምንገሥጻት። እኅቴ መምህርቷ እንዳስተማረችን፣ ጾም ከእግዚአብሔር ጋር የተገባ ቃል ነው…»

እንዲህ ብዬ አላስተማርኩም። አንድም ቀን አላልኩም።

ተኳሿ እንድትቆም በስሟ ጠራት። ቆመች። ሕፃኑ ከእንቅልፉ ነቅቶ ይነጫነጭ ጀመር። እሷ ግን ጋሼን አላየችም፣ ሕዝቡንም አላየችም። ዞራ ያየችው እኔን ነው። ተረጋግተሽ ነይ ያልኳት እኔ ነኝ። ወጥመዱ ውስጥ እጇን ይዤ ያስገባኋት እኔ መሰልኳት፤ በዓይኗ ውስጥ ያየሁት ቁጣ እንኳ አልነበረም፣ ግራ መጋባት ነበር። ለምን እንዳደረግሁባት ሊገባት አልቻለም።

ከዚህ በላይ የሚያቃጥል ነገር በሕይወቴ አላየሁም። ወንድሜ ምሳዋን ወሰደ፣ ሰዓቷን ወሰደ፣ ወተቷን ወሰደ። አሁን ደግሞ በእኔ ላይ የነበራትን እምነት፣ ከእኔው አፍ የተሰረቀ ቃል ይዞ ወሰደባት።

ተነሣሁ።

«አቁም» አልኩ።

የመድኃኒት ቤቱ ሽማግሌ ከወንበራቸው ግማሽ ተነሡ። «እኅቴ፣ በሥርዓት ይሁን። ይህን በውስጥ እንነጋገርበታለን።»

«በውስጥ ተነጋግረናል፣ አባቴ። ብስኩትዎ ሻይ ውስጥ ሲወድቅ እኔም ነበርኩ። በውስጥ ወንድሜ እሺ ብሎኝ ግንባሬን ስሞኛል። በውስጥ የተባለው ሁሉ ይኸው ወጥቶ ይቺን ሴት በውጭ አቆማት። ስለዚህ የእኛም በውጭ ይሆናል።»

«እታለም» አለ ጋሼ፣ ማይክሮፎኑን በእጁ ሸፍኖ። «ተቀመጪ። እለምንሻለሁ።»

«እጅህን ከማይክሮፎኑ ላይ አንሳ፣ ጋሼ። ጉም እዚህ አለ፣ ሮለር ላይ የሚሠሩት ሴቶች ሁሉ እዚህ አሉ፣ የሚመሰክር አይጠፋም። እኔ ግን ከምስክር አልፈልግም፤ ከአንተ አፍ ነው የምፈልገው።» ወደ ተኳሿ ሄጄ አጠገቧ ቆምኩ። ሕፃኑ እጁን ወደ ጸጉሬ ዘረጋ። «ይቺ እናት ስለ አንዲት ቁራሽ ዳቦ በጉባኤ ፊት እንድትመልስ ጠርተሃታል። መልካም፣ መልሳለች፤ በላች። አሁን ተራው ያንተ ነው። በጾማችን ሳምንታት፣ በምሳ ሰዓት፣ ቦይለሩ ለምን አልጠፋም? የሚያጠቡ እናቶች አይገደዱም የሚለውን ትምህርት ሰምተህ ለእነዚህ ሴቶች ለምን አልነገርክም? ጨርቁ ከዚያ ማዕድ ላይ ከመነሣቱ በፊት፣ እዚሁ፣ ሁሉም እየሰማ፣ መልስ።»